እማ ትንሽ ደክማለች

ተማሪዎቼ ከምጠይቃቸው ሁሉ አብልጠው የሚጠሉት አንድ ጥያቄ አለ። ሁለት የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ እጽፍና «የቱ ይሻላል?» እላቸዋለሁ። ሁለቱም ልክ ነው፤ ሰዋስዋቸው ምንም እንከን አይወጣለትም። እነሱ ደግሞ የለመዱት ስሕተት ማደን ነው። ፈልገው ፈልገው ሲያጡ ይናደዳሉ። አንዱ ከኋላ ወንበር ይነሣና «ቲቸር፣ ሁለቱም ልክ ከሆነ ለምን ያደክሙናል?» ይለኛል፤ ክፍሉ ይስቃል። ድሮ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ግን ይኼንኑ የጠየቀኝ ልጅ ላይ ጮኽኩበት፤ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ወጣሁ። ውጭ የደባርቅ ጉም ግቢውን ሞልቶት ነበር፤ ማንም አያየኝም ብዬ ባንዲራው ሥር ቆሜ አለቀስኩ። ልጁ ምን በደለኝ? ምንም። በማግሥቱ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኩትም።

ጥያቄውን ያስተማረችኝ አንዲት ፈረንጅ ናት። ዳባት አዲስ አስተማሪ ሆኜ በተቀጠርኩበት ጊዜ እሷም እንግሊዝኛ ልታስተምር ለሁለት ዓመት መጣች። ቤት ሲፈለግላት እናቴ ግቢ ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል አከራየናት። እናቴ በሳምንቱ ስም አወጣችላት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የእናቴ ስጦታ ነው፣ ከእናቴ አፍ ውጭ አያምርም። እሷም እናቴን እንደኔው «እማ» ማለት ጀመረች። እማ ባንድ ጊዜ ሁለት ሴት ልጅ ኖራት ማለት ነው፤ አንዷ ፈረንጅ፣ አንዷ ቁጡ። ቁጡዋ እኔ ነኝ።

ከትምህርት ቤት መልስ ደጃፉ ላይ እንቀመጣለን። እማ ምስሯን ትለቅማለች፤ እኔ ደብተሬን ይዤ ጓደኛዬን አደርቃታለሁ። እንግሊዝኛን የማውቀው በመጽሐፍ ብቻ ነበር። ልክና ስሕተት እለያለሁ፤ ልክና ልክ ሲገጥሙኝ ግን ግራ ይገባኛል።

«እማን ‹ኦልድ› ነው የምላት ‹ኤልደርሊ›?» እላታለሁ፤ ያረጀች ለማለት።

«ሁለቱም ልክ ነው።»

«እኮ፣ የቱ?»

«‹ኦልድ› የምትያት አብረሻት ስትስቂ ነው። ‹ኤልደርሊ› ጤና ጣቢያው ወረቀት ላይ ነው።»

አንድ ቀን ደብተሩን ከእጄ ወሰደችና ገጹን ከላይ እስከ ታች በመስመር ከፈለችው። በግራው ራስ ላይ «ለሩቅ ሰው»፣ በቀኙ ራስ ላይ «ለቅርብ ሰው» ብላ በዚያ በተንጋደደ ፊደሏ በአማርኛ ጻፈች። ከዚያ ወዲያ ያገኘነውን ሁሉ እዚያ እየለየን እናሰፍር ጀመር። የምትጽፈው እሷ ናት፤ የኔ የእጅ ጽሑፍ የዶሮ ጭረት ነው ብላ አልፈቀደችልኝም።

«ምን ትላለች?» ትለኛለች እማ።

«ሁለቱም ልክ ነው ትላለች።»

«ታዲያ ሁለቱም ልክ ከሆነ ምን ያነታርካችኋል? ነይ ይልቅ ይኼን ሰፌድ አንሺልኝ፤ እግሬ ደንዝዟል።»

የእማ እግር በጋም ክረምትም ሞቆ አያውቅም። ዳባት ጠዋት ጠዋት ውርጭ ይጥላል፤ እማ ደግሞ ካልሲ የምትባል ነገር አድርጋ አታውቅም ነበር። ጓደኛዬ አንድ ጠዋት የራሷን ካልሲ አወለቀችና ተንበርክካ አጠለቀችላት። እማ «ወይ ጉድ፣ ወታደር አደረግሽኝ!» ብላ እስኪያንቃት ሳቀች። አላወለቀችውም ግን፤ ተረከዙ ተበጣጥሶ እስኪያልቅ ነው ያደረገችው።

አንድ ሰሞን የሥራ ባልደረባችን እናቱ ሞቱበት። ልቅሶ ከመሄዳችን በፊት «እግዜር ያጥናህ የሚለውን በእንግሊዝኛ ምን እንላለን?» ብዬ ጠየቅኋት። እንደ ልማዷ ሁለት ነገረችኝ። አንደኛው «አይ አም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ነው፤ በደረሰብህ ሐዘን አዝናለሁ እንደማለት። ሁለተኛው «አይ አም ሄር» ነው፤ አለሁ፣ እዚሁ ነኝ ማለት ነው። «ግራው ቤቱ ለማትገቢበት ሰው ነው፤ በካርድ ጽፈሽ ትልኪለታለሽ። ቀኙ ቤቱ ለምትገቢበት ሰው ነው። እሱን ትያለሽ፣ ከዚያ ዝም ብለሽ አጠገቡ ትቀመጫለሽ» አለችኝ። ሁለቱንም ጻፈቻቸው፤ ከግራው ሥር ደግሞ በትንንሹ «ቤቱ ለማትገቢበት» የምትል ጨመረችበት።

በሁለተኛው ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን የራሷ አባት ሞተ። ወንድሟ በስልክ ጽሑፍ ነው የላከላት። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ቆማ አነበበችው። ደወል ሲደወል ክፍል ገብታ ክፍለ ጊዜውን ጨርሳ አስተማረች፤ የሰማነው ወደ ቤት ከመጣች በኋላ ነው። እማ ስትሰማ ዕንባዋ ከመምጣቱ በፊት ንዴቷ መጣ።

«በስልክ? ብቻዋን? ቆማ?» አለች። «ሰው የላቸውም እንዴ? የሚይዛት አንድ ሰው አጥተው ነው?»

ጎረቤት ተጠርቶ መጣ። ዐይተውት ለማያውቁት ሰው ሦስት ቀን ተቀመጡለት። ጓደኛዬ በመሐላቸው ኩርምት ብላ ተቀምጣ፣ የእማ እጅ ትከሻዋ ላይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲበተን እማ እሷ እዚያው እያለች እኔን ጠራችኝ።

«እኔ ስሞት» አለችኝ።

«ተይ እማ፣ አታሟርቺ!»

«ዝም በይ፣ ስሚኝ። እኔ ስሞት ለዚች ልጅ በዚያ ብረት እንዳትነግሪያት። ደክማለች በያትና ጥሪያት። ትምጣ። እህል ትቅመስ። ሰው ይክበባት። ያን ጊዜ ይነገራት። ሰማሽኝ?»

«እሺ።»

«ማይልኝ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ፣ እማ!»

አማርኛዋ ያን ያህል የረጋ አልነበረምና ጓደኛዬ ቀና ብላ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። «በጣም አዘነችልሽ» አልኳት። ከሁሉ የሚቆጨኝ ይኼ ነው። ያን ቀን የእማን ቃል ቁልጭ አድርጌ ብተረጉምላት ኖሮ የራሷን ሐሳብ ትነግረን ነበር። እማም ትሰማት ነበር፤ ሁለቱ ተከራክረው አንድ ነገር ይወስኑ ነበር። እኔ ግን ደክሞኝ ነበር፤ ቀላሉን መረጥኩ።

ሁለት ዓመቷን ጨርሳ ሀገሯ ገባች። እኔም ከጊዜ በኋላ ወደ ደባርቅ ተዛወርኩ። እማ ግን «ደባርቅ ለኔ የባሰ ብርድ ነው፣ ከቤቴ አልወጣም» ብላ ዳባት ቀረች። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየወረድኩ እጠይቃታለሁ። ጓደኛዬ በየበዓሉ ትደውላለች፤ እማም ከስልኩ ጋር እየተጣላች «ድምፅሽ ለምን ይቆራረጣል? አትበዪም እንዴ?» ትላታለች። መንገዱ ሰላም ሲሆን እመጣለሁ፣ ሲረጋ እመጣለሁ እያለች ዓመታት ሄዱ።

እማ የሞተችው ዐቢይ ጾም ሊገባ ዋዜማው ላይ፣ በዘወረደ እሑድ ጠዋት ነው። አንድ ሳምንት ነው የታመመችው። ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበር፤ ወደ ጎንደር ላሳክማት ስል «ቤቴ መልሱኝ» አለች። እሑድ ጠዋት አጎዛው ላይ ቁጭ ብዬ እግሯን በሁለት እጄ ይዤ እያሸሁ ነበር፤ ለማሞቅ። «ያቺ ልጅ መቼ ነው የምትመጣው?» አለችኝ። «ለፋሲካ» አልኳት፤ በእርግጥ እንደምትመጣ ሳላውቅ። «እንግዲያማ ደርሷል» አለች። ከዚያ በኋላ ምንም አላለችም። እግሯን ማሸቴን አልተውኩም ነበር፤ አክስቴ ናት እጄን ያስለቀቀችኝ።

በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ለጓደኛዬ በእንግሊዝኛ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍኩ፤ እማ እሑድ ሞተች የሚል፣ አራት ቃል። እሱን አጠፋሁና ሌላ ጻፍኩ፤ እማ ትንሽ ደክማለች፣ ብትመጪ ደስ ይላታል የሚል። በእንግሊዝኛው አንዱም አይነቀፍም። ተማሪ ቢጽፍልኝ ለሁለቱም ሙሉ ማርክ እሰጠው ነበር።

እማ ያዘዘችኝን አደረግሁ፤ ሁለተኛውን ላክሁት። እማ በሞተችበት ዕለት ያንኑ ቃል በአማርኛ ጎንደር ላለችው የአጎቴ ልጅ ጽፌላት ነበር። እሷ እንዳነበበችው ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ከጎንደር መናኸሪያ እስከ ዳባት እያለቀሰች መጣች። ማንም «ሞተች» አላላትም። በኛ ዘንድ ትንሽ ደክማለች፣ ብትመጪ ደስ ይላታል የሚል መልእክት የደረሰው ሰው ምን እንደሆነ ያውቀዋል፤ አውቆም አላወቀም፣ የሚነግሩት ሰዎች ጋ እስኪደርስ ዕድሜ ያገኛል። ጓደኛዬም ሁለት ዓመት እኛ ቤት ኖራለችና ታውቀዋለች ብዬ ነበር። ኧረ ምን ልታውቅ! ማን ነገራት?

መልሷ ወዲያው መጣ። «ንገሪያት፣ ትረፍ። ምግብ ትብላ። ለፋሲካችሁ ትምህርት ቤቴ ይዘጋል፣ እመጣለሁ። ትኬት እየፈለግሁ ነው። ካልሲ እየሠራሁላት እንደሆነም ንገሪያት፤ በራሴ እጅ፣ ከበግ ጠጉር። አልችልበትምና እንዳትስቅብኝ።»

ያን ጊዜ ነበር መመለስ የነበረብኝ። እዚያው ላይ፣ ሳይውል ሳያድር። እኔ ግን «እሺ፣ እነግራታለሁ» ብዬ ጻፍኩ።

እሑድ እሑድ በድምፅ ትልክላት ጀመር። በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ «እማ፣ እንዴት ነሽ? ቁርጭምጭሚት ደረስኩ» ትላለች። በሚቀጥለው እሑድ «እማ፣ ተረከዝ በጣም ከባድ ነው፤ ሁለት ጊዜ ፈታሁት» ትላለች። ከኋላዋ የገዛ ቤቷ ሰዓት ሲቆጥር ይሰማል። እኔ ደባርቅ ክፍሌ ውስጥ ከል ለብሼ፣ ፀጉሬን ተላጭቼ፣ ያን እየሰማሁ አለቅሳለሁ። መልሱን ስጽፍ ደግሞ «ሰማችው» እላለሁ። በመጀመሪያው እሑድ «ሳቀች» የሚልም ጨመርኩበት። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ «ሳቀች» አልኩ። ስድስት እሑድ።

የእማን ቃል ለመጠበቅ ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። እውነቱን ልናገር፤ ደስ ይለኝ ነበር። ዳባት እማ ሞታለች። ደባርቅም ሞታለች፤ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «እግዜር ያጥናሽ» ይለኛል። እዚያ ሩቅ ሀገር ግን አንድ ቤት ውስጥ እማ ገና አልሞተችም፤ እግሯ እየተለካላት፣ ካልሲ እየተሠራላት ነው። ያቺን አንዲት ቤት ማፍረስ አቃተኝ። እሑድ እስኪደርስ ቀን እቆጥር ነበር።

የነፍስ አባቴን ጠየቅኋቸው። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። አባም «ልጄ፣ መርዶ በወግ ይነገራል፤ በዚህ አልወቅስሽም» አሉኝ። «ግን የሞተ ሰው ሳቀ አይባልም። ተይ።»

«እሺ አባ» ብዬ መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ። በዚያው እሑድም «ሳቀች» ብዬ ጻፍኩ።

በአርባዋ ቀን ዳባት ነበርን። ጾም ስለሆነ ሽሮና ምስር ነው የተሠራው። ካህናቱ ጸሎታቸውን ጨርሰው ሰው ሲቀመጥ ስልኬ ጮኸ። ፎቶ ነው። ያለቀችውን አንዷን ካልሲ በራሷ እግር አጥልቃ፣ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ፣ ጥርሷን ገልጣ ትስቃለች። አክስቴ በትከሻዬ ላይ አጮልቃ አየችና «ምነው ያቺ ልጅ፣ በዛሬ ቀን ሳቅ!» አለች። ስልኩን አጥፍቼ ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩት።

የመጣችው ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ ነው። ጎንደር ድረስ ወርጄ ልቀበላት ተነሣሁ። ከመነሣቴ በፊት ከሌን አውልቄ ከጎረቤት የተዋስኩትን አረንጓዴ ቀሚስ ለበስኩ፤ በተላጨው ራሴ ላይም ሻሽ አሰርኩ። መንገድ ላይ በጥቁር ካየችኝ ይገባታላ! ሳይደርሱ ማወቅ ደግሞ ክፉ ነው። መናኸሪያው ላይ የሚያውቁኝ ልጆች እናቷ ከሞተች ሁለት ወር ያልሞላት ሴት አረንጓዴ ለብሳ ስትሄድ አይተው አፋቸውን ያዙ። ማንንም ቀና ብዬ አላየሁ።

ከጎንደር እስከ ዳባት ስታወራ መጣች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ እጄን ይዛ አልለቅም አለች። ካልሲዎቹን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችኝ፤ ግራጫ፣ ወፍራም፣ አንዱ ከአንዱ ትንሽ የረዘመ። «እማ ‹ወታደር አደረግሽኝ› ትለኛለች» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ቤት ስንገባ አክስቴ አቅፋ ሳመቻት። «እማስ?» አለች ወዲያው። «ጠበል ሄዳለች፤ ጠዋት ታገኚያታለሽ፣ በይ እህል ቅመሺ» አለቻት አክስቴ። ሆን ብለን የተነጋገርነው ነው። በላች፤ በደንብ ነው የበላችው። ድሮ በኖረችበት ክፍል አነጠፍንላትና ተኛች።

ንጋት ላይ ጎረቤቱ አንድ በአንድ፣ ድምፁን አጥፍቶ ገባ። ሴቶቹ መደቡ ላይ፣ ወንዶቹ በግድግዳው ሥር ተቀመጡ። አባም መጡ። እኔ ከሌን መልሼ ለብሼ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ። የሰው ኮሽታ ሲሰማት እማ የደረሰች መሰላት። ካልሲዎቹን በሁለት እጇ ይዛ እየሳቀች በሩን ከፍታ ገባች።

ሁሉንም አየቻቸው። እኔን አየችኝ፤ ጥቁሩን አየች። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። የእድሩ ሽማግሌ ተነሥተው «ልጃችን፣ ቁጭ በይ» አሉ። «እናትሽ ሞታለች። እግዜር ያጥናሽ።» ሴቶቹ ተነሥተው ጮኹ፤ አክስቴ ልትይዛት እጇን ዘረጋች። ልክ እማ እንዳለችው ነበር፤ እህል ቀምሳለች፣ ሰው ከቧታል። እሷ ግን አልወደቀችም፣ አላለቀሰችም። ልቅሶው እስኪበርድ ቆማ ጠበቀች።

«መቼ?» አለችኝ በአማርኛ።

ነገርኳት። ጣቶቿን እያጠፈች ቆጠረች። እሑዶቹን ነው የምትቆጥረው።

«እማ ሳቀች ብለሽ ጽፈሻል» አለችኝ።

«አዎ።»

«ስድስት ጊዜ።»

«አዎ።»

አክስቴ ገባችበት። «ልጄ፣ አትፍረጂባት፣ ወግ ነው። ብቻሽን እንዳትሰሚ ብለን ነው። እሷ ራሷ ናት የተናዘዘችው።»

ጓደኛዬ ለአክስቴ ራሷን ነቀነቀችላት። ከዚያ ወደኔ ዞራ በእንግሊዝኛ፣ ዝግ ብላ፣ ክፍል ውስጥ እንደምታስተምረው አድርጋ ተናገረች። «አባቴ የሞተ ጊዜ ብቻዬን ነበርኩ፤ እናንተ በዚያ አዘናችሁልኝ። እኔ ግን በቀኑ ዐወቅሁ። በቀኑ አለቀስኩ። ለእማ በየእሑዱ ስቀልድ ነበር። በአርባዋ ቀን ምን እንደላክሁልሽ ታስታውሻለሽ?» አለችኝ።

ምን ልመልስ? እናቴ ናት ያዘዘችኝ ልበል? እሱ እውነት ነው። እናቴ ግን «ጥሪያት» ነው ያለችኝ፤ «ሳቀች በያት» አላለችኝም። እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። አባ ከጥግ ሆነው ያዩኛል።

ሦስት ቀን ተቀመጠች። ሆሳዕና ዕለት ከአክስቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ መቃብሩን አየች። ለቅሶ የመጣውን ሰው ሁሉ አመሰገነች። ለኔም ክፉ ቃል አልተናገረችም፤ ብትናገረኝ፣ ብትሰድበኝ ምን ነበረበት? ሻይ ስሰጣት «አመሰግናለሁ» ትላለች። ድሮ ከእጄ ነጥቃ ነበር የምትጠጣው። ማክሰኞ ጎንደር የሚሄደው ሚኒባስ ላይ ስትወጣ እንደ ሀገሩ ሦስት ጊዜ ሳመችኝ፤ ከዚያ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ወደ ፊት ወደ ፊት ብቻ አየች። ረዳቱ «ጎንደር፣ ጎንደር» እያለ በሩን ዘጋው።

ካልሲዎቹን እማ ትተኛበት የነበረው መደብ ላይ አጣጥፋ ትታቸው ሄዳለች። አክስቴ «ይኼን የመሰለ ሙቅ ነገር ማንም ሳያደርገው ሊቀር ነው? ብርዱ እግሬን እኮ ገደለኝ» አለች። ጮኽኩባት። ኋላ አፍሬ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ካልሲውን ግን አልሰጠኋትም። ደባርቅ ይዤው መጣሁ። ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ጊዜ እንኳ አላደረግሁትም፤ የኔ ልክ አይደለም።

ለመንፈቋ፣ ነሐሴ ላይ፣ እንደገና ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ያጠፋሁትን ዐረፍተ ነገር ጻፍኩት። እማ እሑድ ሞተች። ጠዋት ነበር። እግሯን ይዤላት ነበር። መቼ እንደምትመጪ ጠየቀችኝ፣ ለፋሲካ አልኳት። ያኔውኑ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፤ አንቺ ዘንድ እንድትቆይልኝ ብዬ ነው። መጨረሻው ላይ ደግሞ «አይ አም ሶሪ» ልበል ወይስ «ፎርጊቭ ሚ» ብዬ ደብተሩን አወጣሁ። እሷው ጽፋልኝ ነበር፤ ሶሪው የሰው እግር ሲረገጥ፣ ፎርጊቩ እንቅልፍ ሲከለክል ይባላል ብላ። የቀኙን፣ ይቅር በይኝ የሚለውን፣ ጻፍኩና ላክሁት።

እንዳነበበችው ስልኩ አሳየኝ። መልስ ግን የለም። ዝናቡ አባራ፣ አዲስ ዓመት ገባ፣ ትምህርት ተከፈተ። ሥራዬን እሠራለሁ፤ ስልኬን በየደቂቃው አያለሁ። የምጠብቀው አንድ ቃል ነበር። ቁጣም ቢሆን ግድ የለኝም፣ የቅርብ ሰው ቁጣ ይሁን እንጂ። «አለሁ» ብትለኝ ደግሞ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ በዚያ ልጁ ላይ በጮኽኩበት ጠዋት፣ ክፍል ከመግባቴ በፊት መጣ። ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው።

«ታንክ ዩ ፎር ቴሊንግ ሚ። አይ አም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ።»

ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። በደረሰብሽ ሐዘን አዝናለሁ።

ስሕተት ፈለግሁበት። ተማሪዎቼን የምቆጣበትን ነገር እኔው ራሴ አደረግሁት፤ ፊደሉን፣ ነጥቡን፣ እያንዳንዱን ቃል ለብቻ አየሁ። የተሳሳተች፣ የቸኮለች፣ ሌላ ልትል የነበረች እንዲመስለኝ ፈለግሁ። ምንም የለበትም። ያንቺ ሐዘን ነው ያለችኝ፤ እማን ለኔ ብቻ ትታልኛለች።

ማታ ቤት ስገባ ደብተሩን ከፈትኩት። በግራው ዐምድ፣ በራሷ በተንጋደደው ፊደል፣ «ቤቱ ለማትገቢበት» ከምትለዋ በላይ፣ እዚያው ተጽፎ አገኘሁት።